ሳጥኑን እንጂ ሠሪውን አናውቀውም

በሀገር ቤትም፣ በአሜሪካም፣ እዚህ በእስራኤልም ያላችሁ ወገኖቼ፣ የዛሬው ጽሑፌ ከወትሮው ለየት ይላል። ስለ ጌም ነው። «ስለ ጌም ደግሞ ምን ይጻፋል?» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። በየቤታችን የሚነሳው ክርክር ስለ ጉዳቱ ብቻ ነው፤ ልጁ ትምህርቱን ተወ፣ ዓይኑን አጠፋ፣ ሲጠሩት አይሰማም። እሱን ለሌላ ቀን እናቆየው። እኔ ዛሬ ላነሳ የፈለግሁት አንድ ጥያቄ ነው፦ ማን ሠራው?

ይህን ጥያቄ ለወጣቱም ለትልቁም አቅርቡለት። «አታሪ» ይላችኋል፤ ወይም «ጃፓኖች»። አታሪ ሰው አይደለም፣ ኩባንያ ነው። ኩባንያ ደግሞ እጅ የለውም፤ ሌሊት ተቀምጦ አያስብም፣ ሲሳሳት ደምስሶ እንደገና አይጀምርም። ይህን ያደረጉ ሰዎች ስም አላቸው። እኔን የሚያንገበግበኝ ስማቸው መረሳቱ ብቻ ሳይሆን ሆን ተብሎ መደበቁ ነው። በደል ነው እላለሁ፤ ለምን እንደምል ደግሞ ላስረዳ።

ለማታስታውሱት፦ ከ1970ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው) በመጠጥ ቤት፣ በፒዛ ቤት፣ በገበያ አዳራሽ ቁመታቸው የሰው ያህል የሆኑ ሳጥኖች ይቆሙ ነበር። ከላይ ስክሪን፣ ከመሐል ጆይስቲክና ቁልፍ፣ ከታች የሳንቲም መግቢያ። ሳንቲም ትጨምራለህ፣ ትጫወታለህ፣ ትሸነፋለህ፣ ሌላ ሳንቲም ትፈልጋለህ። ዛሬ ልጆቻችን በስልካቸው የሚጫወቱት ሁሉ የነዚያ ሳጥኖች የልጅ ልጅ ነው።

ከጃፓን እንጀምር። በ1978 ታይቶ የተባለው ኩባንያ «ስፔስ ኢንቬደርስ» የተባለውን ጌም አወጣ። ከሰማይ የሚወርዱ 55 ፍጥረታት በአምስት ረድፍ ተሰልፈው ይመጣሉ፤ ተጫዋቹ ከታች ሆኖ ይተኩስባቸዋል። ይህን የሠራው ቶሞሂሮ ኒሺካዶ የሚባል ኢንጂነር ነው። ሐሳቡ የሱ፣ ሥዕሉ የሱ፣ ፕሮግራሙ የሱ፣ የኤሌክትሮኒክስ ሥራውም የሱ። ጌሙን የሚሠራበት መሣሪያ እንኳ ስላልነበረ መጀመሪያ መሣሪያውን ራሱ ሠራ። አናጢ ቤት ከመሥራቱ በፊት መጋዙንና መዶሻውን ቀጥቅጦ ማውጣት አለበት እንደማለት ነው።

ከሱ ሥራ አንዱን ነገር በጣም እወደዋለሁ። የዚያን ጊዜ ኮምፒዩተር 55 ነገር በአንድ ላይ ለማንቀሳቀስ አቅም ያጥረዋል፤ ስለዚህ ፍጥረታቱ መጀመሪያ ላይ ይንቀረፈፋሉ። ተጫዋቹ አንድ በአንድ ሲጥላቸው የኮምፒዩተሩ ሸክም እየቀለለ ይሄዳል፤ የቀሩት ደግሞ እየፈጠኑ ይመጣሉ። የመጨረሻዋ አንዷ እንደ እብድ ትሮጣለች! ኒሺካዶ ይህን አይቶ ሊያርመው ይችል ነበር፤ ግን ጨዋታውን የሚያጣፍጠው ይኸው ጉድለት መሆኑ ገባውና ተወው። ከዚያ ወዲህ «ጨዋታው እየቆየ ይከብዳል» የሚለው ነገር የጌም ሁሉ ሕግ ሆነ። ሌላም አለ፤ መጀመሪያ የሚተኮስባቸው ወታደሮች እንዲሆኑ አስቦ ነበር፤ ሰው መተኮስ ተገቢ አይደለም ተባለና ኦክቶፐስ፣ ሸርጣንና ስኩዊድ የሚመስሉ የሌላ ዓለም ፍጥረታት ተተኩ። የዛሬዎቹን ጌሞች ለሚያይ ወላጅ ይህ ብቻውን የሚያስገርም ነው።

ሁለተኛው ቶሩ ኢዋታኒ ነው። «ፓክማን»ን የማያውቅ አለ? ቢጫ ክብ፣ አፉን ከፍቶ ነጥብ የሚለቅም፣ አራት መናፍስት የሚያሳድዱት። በ1980 ሲወጣ ኢዋታኒ ገና 25 ዓመቱ ነበር፤ ናምኮ ኩባንያ ከገባ ሦስት ዓመቱ። በዚያን ጊዜ የጌም ቤቶች የወንድ ብቻ ነበሩ፤ ሁሉም ጌም መተኮስና መግደል ነበር። እሱ ግን ሴቶችና ጥንዶች የሚመጡበት ጨዋታ ይሁን ብሎ አሰበ፤ ከመግደል ይልቅ መብላትን መረጠ። የስሙ መነሻም በጃፓንኛ ሰው ሲበላ አፉ የሚያሰማው «ፓኩ ፓኩ» የሚለው ድምፅ ነው።

መናፍስቱን ልብ ብላችሁ አይታችኋቸው ታውቃላችሁ? አንድ ዓይነት ይመስላሉ እንጂ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ጠባይ አላቸው። ቀዩ ከኋላ ይከተላል። ሮዙ ወደፊት ቀድሞ መንገድ ሊዘጋ ይሞክራል። ሰማያዊው ቀዩ ያለበትን እያየ አካሄዱን ይለዋውጣል። ብርቱካናማው ደግሞ ይቀርብና ፈርቶ እንደሚሸሽ ሰው ይመለሳል። በየመሐሉም ማሳደዱን ትተው ወደየጥጋቸው ይበተናሉ፤ ሰው ያለ ዕረፍት ከተሳደደ እንደሚሰለች ኢዋታኒ አስቦበታል። ይህ እንግዲህ የሰውን ልብ ማወቅ ነው፤ የማሽን ሥራ ብቻ አይደለም። ብቻውንም አልነበረም። ፕሮግራሙን የጻፈው ሺጌኦ ፉናኪ ነው፤ ድምፁን የሠራው ቶሺዮ ካይ።

ፓክማን በዓለም ላይ እጅግ ብዙ ሳንቲም ከሰበሰቡት ጌሞች አንዱ ሆነ። ኢዋታኒስ ምን አገኘ? በ1980ዎቹ በሰጠው ቃለ ምልልስ ራሱ ተናግሮታል፤ ደመወዙ አልተለወጠም፣ ጉርሻ አልተሰጠውም፣ የምስጋና ወረቀት እንኳ አልደረሰውም። ተራ ሠራተኛ ነበርኩ ነው ያለው። እሱ ይህን የተናገረው በምሬት አይደለም። እኔ ግን እማረርለታለሁ።

«ደመወዙን ተከፍሎታል፤ ገንዘቡን አውጥቶ የከሰረ ቢሆን የሚከስረው ኩባንያው ነው» የሚል አለ። እውነት ነው። ስለ ገንዘቡ አልከራከርም። የውል ጉዳይ ነው፤ ተዋዋዮቹ ያውቁታል። የኔ ክርክር ስለ ስም ነው። ፊልም ስናይ የካሜራ ሠራተኛው፣ የልብስ ሰፊዋ ሳይቀር ስማቸው ይወጣል። በካሴት ላይ የግጥምና የዜማ ደራሲው ይጻፋል። መጽሐፍ ያለ ጸሐፊ ስም አይሸጥም። ታዲያ ጌም ሲሆን ለምን ተከለከለ? ስም ለመጻፍ ምን ያህል ቀለም ይፈጃል? መልሱ ቀላል ነው። ስሙ የታወቀ ሠራተኛን ሌላ ኩባንያ ይጠራዋል፤ ያልተጠራ እንደሆነም ደመወዝ ጨምሩልኝ ይላል። ስሙ ያልታወቀ ግን የትም አይሄድም።

እኛ ይህን ነገር ከሌላ ቦታ እናውቀዋለን። ጎንደርን ያየ ሰው «የፋሲል ግንብ» ይላል። በጎንደር ነገሥታት ዘመን የቤተ እስራኤል ግንበኞችና አናጢዎች በግንባታው ሥራ ላይ እንደነበሩ የታሪክ ሰዎች ጽፈውታል፤ አባቶቻችንም ሲያወሩት ኖረዋል። ንጉሡን እናውቀዋለን። ድንጋዩን የጠረበውን፣ ኖራውን ያቦካውን ግን ማን ብለን እንጥራው? «ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው» ይላል ያገራችን ሰው። ጎንደር ላይ ጊዜው አልፏል፤ መዝገብ የያዘልን የለም። የጌሞቹ ሠሪዎች ግን ብዙዎቹ ዛሬም በሕይወት አሉ፤ የቃል ምስክርነታቸውም አለ። ስለዚህ አለማወቃችን ምክንያት የለውም።

ወደ አሜሪካ እንሻገር። እዚያ ስም የመደበቁ ነገር ይበልጥ የታወቀ ነው። የአታሪ ፕሮግራመሮች ስማቸው በሥራቸው ላይ እንዲወጣ ጠየቁ፤ አልተፈቀደም። በ1979 ዴቪድ ክሬን፣ አለን ሚለር፣ ቦብ ዋይትሄድና ላሪ ካፕላን የተባሉ አራት ፕሮግራመሮች አታሪን ለቀው አክቲቪዥን የተባለውን ኩባንያ መሠረቱ። ክሬን እንደሚናገረው አለቃቸው «እናንተ ዕቃውን በፋብሪካ ከሚገጣጥመው ሠራተኛ አትበልጡም» የሚል መልስ ሰጥቷቸው ነበር። (የሚገጣጥመው ሠራተኛ ስምስ ቢጻፍ ምን ነበረበት? እኔ እሱም ይጻፍ ባይ ነኝ።) አዲሱ ኩባንያ ግን የጌሙን ሠሪ ስም በመሸጫው ሣጥን ላይ አተመ።

መልቀቅ ያልቻሉት ወይም ያልፈለጉት ስማቸውን ደበቁ። በ1977 አታሪ ያወጣው «ስታርሺፕ 1» የተባለ የሳንቲም ጌም አለ። ቁልፎቹን በተወሰነ ቅደም ተከተል ከተጫኑ «ሃይ ሮን!» የሚል ጽሑፍ ይወጣና አሥር ጨዋታ በነፃ ይሰጣል። ሮን ማለት ሠሪው ሮን ሚልነር ነው። ይህ ሰላምታ በይፋ የታወቀው መቼ ይመስላችኋል? በ2017 ነው። አርባ ዓመት ሙሉ አንድ ሰው ሳጥን ውስጥ ሆኖ «እኔ ነኝ» ሲል ኖረ፤ የሰማው የለም። ዋረን ሮቢኔት ደግሞ በቤት ቴሌቪዥን ለሚሰካው ለ«አድቬንቸር» ስውር ክፍል ሠርቶ ስሙን በውስጡ ጻፈ። ለአለቆቹ ሳይናገር ሥራውን ለቀቀ፤ በ1980 አንድ የ15 ዓመት ልጅ አግኝቶት ለኩባንያው ደብዳቤ ሲጽፍ ነው ያወቁት።

በሌሎቹ ላይ ደግሞ የከፍተኛ ነጥብ ሰንጠረዡ መደበቂያ ሆነ። ብዙ ነጥብ ያስመዘገበ ተጫዋች ሦስት ፊደል ይጽፋል፤ ማሽኑ አዲስ ሲገዛ ግን ማንም ስላልተጫወተበት ሠሪዎቹ የራሳቸውን ፊደል ይሞሉበት ነበር። በ1981 በወጣው «ዲፌንደር» ላይ «ሳም» እና «ኤል ኢ ዲ» የሚሉ ይታያሉ። ሳም ዲከርና ላሪ ዲማር ናቸው፤ ከዋናው ሠሪ ከዩጂን ጃርቪስ ጋር የሠሩ። ተጫዋቹ ግን ከሱ በፊት የመጣ ጎበዝ ጎረምሳ መስሎት ሊያሸንፋቸው ይታገላል።

«ዶንኪ ኮንግ»ን አንርሳ። እሱም 1981 ነው። ሺጌሩ ሚያሞቶ ሐሳቡን አመነጨ፤ ዛሬ ስሙ በዓለም የታወቀ ነው፤ ይገባዋል። ይሁንና ፕሮግራሙን የጻፉት ኢኬጋሚ ጹሺንኪ የተባለ ሌላ ኩባንያ ሠራተኞች ነበሩ። እነሱም በፕሮግራሙ ሆድ ውስጥ፣ ስክሪን ላይ ፈጽሞ በማይታይ ቦታ፣ ይህን ፈትሾ ላገኘ ሰው የተጻፈ መልእክት ከነመሥሪያ ቤታቸው ስም አስቀመጡ። በ1983 ሁለቱ ኩባንያዎች ፍርድ ቤት ተካሰሱ፤ በ1990 በስምምነት ጨረሱ። ኩባንያዎቹ ተስማሙ እንጂ ኮዱን ቁጭ ብለው የጻፉትን ሰዎች ስንቶቻችን እናውቃለን?

ስለ ዶና ቤይሊ ሳልናገር ብቀር ቅር ይለኛል። ከአርካንሶ የመጣች፣ በጄኔራል ሞተርስ የመኪና ኤሌክትሮኒክስ ፕሮግራም ስትጽፍ የነበረች ሴት ናት። አታሪ ስትገባ የሳንቲም ጌም በሚሠራበት ክፍል ካሉት ፕሮግራመሮች ሴት እሷ ብቻ ነበረች። ሐሳብ ከተጻፈበት ደብተር ውስጥ ሌላው ሁሉ ጦርነትና ጨረር ሲሆንባት፣ አንዲት መስመር ዓይኗን ያዘችው፤ ከላይ ወደታች እየተጠማዘዘ የሚወርድ ብዙ እግር ያለው ትል። ከኤድ ሎግ ጋር «ሴንቲፒድ»ን ሠራች፤ በ1981 ወጣ። በጆይስቲክ ፋንታ በመዳፍ የሚሽከረከር ኳስ አለው፤ ቀለሙም ለስለስ ያለ፣ እንደ ጥበብ ቀሚስ ጥለት ዓይን የሚስብ ነው። በሳንቲም ጌም ታሪክ ሴቶች በብዛት ከተጫወቷቸው አንዱ ነው። እሷ ግን በ1982 አታሪን ለቀቀች፤ ቆይቶም ከሙያው ጨርሳ ወጣች። ከወንድ ባልደረቦቿ የደረሰባት ጫናና ትችት እንደሆነ ኋላ ተናግራለች። በ2007 በሴት የጌም ባለሙያዎች ጉባኤ ላይ ንግግር እንድታደርግ እስክትጋበዝ ድረስ የት እንዳለች የጠየቀ ብዙ አልነበረም።

አሁን ደግሞ ስሙ በጣም የገነነውን እንመልከት፤ ስም ሲገንም ሌላ በደል ያመጣልና። ኖላን ቡሽኔል «የቪዲዮ ጌም አባት» ሲባል ኖሯል። አታሪን በ1972 ከቴድ ዳብኒ ጋር ሆኖ ነው የመሠረተው፤ ከዚያ በፊት የወጣው የ«ኮምፒዩተር ስፔስ» የኤሌክትሮኒክስ ሥራ የዳብኒ እጅ አለበት። ዳብኒ በ1973 ወጣ፤ ስሙም አብሮ ወጣ። «ፖንግ»ን በእጁ የሠራው ደግሞ አል አልኮርን ነው። ቡሽኔል ለልምምድ ብሎ ነበር የሰጠው፤ ለእውነተኛ ደንበኛ እንደሚሠራ አድርጎም ነገረው። አልኮርን ኳሷ ሰሌዳውን በነካችበት ቦታ ልክ አቅጣጫዋን እንድትለውጥ አደረገ። ያ ባይኖር ፖንግ የአንድ ደቂቃ ጨዋታ ነበር።

«አባት» የሚለውን ማዕረግ የሚከራከር ሌላም ሰው አለ፤ ለኛ አንባቢዎች ታሪኩ የቅርብ ነው። ራልፍ ቤር በ1922 በጀርመን ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደ። በናዚዎች ዘመን አይሁዳዊ በመሆኑ ከትምህርት ቤቱ ተባረረ። በ1938፣ ምኩራቦች ከተቃጠሉበት ከክሪስታልናኽት ጥቂት ወራት በፊት ቤተሰቡ ወደ ኒውዮርክ አመለጠ። የ16 ዓመት ልጅ ነው፤ እኛ ዖሌ ሐዳሽ የምንለው ዓይነት፤ ፋብሪካ ገብቶ ሠራ፤ የሬዲዮ ጥገና በፖስታ ተማረ። በ1966 አውቶቡስ ጣቢያ ሰው ሲጠብቅ በቴሌቪዥን ላይ ጨዋታ መጫወት እንደሚቻል ሐሳብ መጣለትና ማስታወሻ ያዘ፤ በማግስቱ፣ መስከረም 1፣ በአራት ገጽ ጻፈው። ከቢል ሃሪሰንና ከቢል ረሽ ጋር ሠርተው አሳኩት፤ በ1972 «ኦዲሲ» ተብሎ ወጣ። የጠረጴዛ ቴኒስ ጨዋታም ነበረበት። በዚያው ዓመት ግንቦት ወር ካሊፎርኒያ ውስጥ ለሕዝብ ሲታይ ቡሽኔል መጥቶ አይቷል፤ በእንግዶች መዝገብ ላይም ፈርሟል። ፖንግ ከዚያ በኋላ ወጣ። ክሱ በ1976 በስምምነት አለቀ፤ አታሪ የፈቃድ ክፍያ ከፈለ።

ቤርን ያዳነው ወረቀት ነው። ሁሉን ነገር ቀን ጽፎ፣ ፈርሞ ያስቀምጥ ነበር። ከሀገሩ ያለ ንብረት የወጣ ሰው የወረቀትን ዋጋ ያውቃል፤ ይህ የኔ ግምት ነው፤ ግን እኛም ይህን አሳምረን እናውቃለን። በ2006 ከአሜሪካ ፕሬዚዳንት እጅ የቴክኖሎጂ ሜዳሊያ ተቀበለ፤ በ2014 በ92 ዓመቱ ዐረፈ። ደግሞ እውነቱን ልንገራችሁ፦ በ1978 ከሃዋርድ ሞሪሰን ጋር ያወጣው «ሳይመን» የተባለው ታዋቂ መጫወቻ መነሻው አታሪ የሠራው «ተች ሚ» የተባለ የሳንቲም ማሽን ነው። እሱ ከነሱ አየ፣ እነሱ ከሱ አዩ። ታዲያ አንድ ልጅ ስንት አባት አለው? «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» አይደል? እኔ አባት አልፈልግም፤ ዝርዝር ነው የምፈልገው።

ዛሬ ጌሞች ሲያልቁ ረጅም የስም ዝርዝር ይወጣል። በነዚያ ሰዎች ትግል የመጣ ነው። ልጆቻችን ግን ቁልፍ ተጭነው ያልፉታል። ልጁ ጌም ሲጨርስ ወላጅ አጠገቡ ተቀምጦ «እስቲ ማን ሠራው? አንብብልኝ» ቢለው ደስ ይለኛል። ከ«አጥፋው!» በቀር ስለ ጌም ሌላ የምንናገረው ነገር ይኑረን።

ይህን የምለው በጄሪ ሎውሰን ምክንያት ነው። ጥቁር አሜሪካዊ ነው፤ በ1940 ኒውዮርክ ተወለደ። አንደኛ ክፍል እያለ መምህርቱ ከጠረጴዛው አጠገብ የጥቁሩን ሳይንቲስት የጆርጅ ዋሽንግተን ካርቨርን ሥዕል ሰቅላ «አንተም እንዲህ መሆን ትችላለህ» እንዳለችው ካደገ በኋላ ተናግሯል። አደገና ኢንጂነር ሆነ። በቤቱ ጋራዥ ውስጥ «ዴሞሊሽን ደርቢ» የተባለ የሳንቲም ጌም ሠርቶ በካሊፎርኒያ አንድ ፒዛ ቤት አቆመ። የሚሠራበት ፌርቻይልድ ኩባንያ ይህን ሲሰማ የጌም ሥራውን ሰጠው። በእሱ መሪነት በ1976 «ቻናል ኤፍ» ወጣ፤ ጌሙ በካርትሪጅ እየተቀያየረ የሚጫወቱበት የመጀመሪያው የቤት ማሽን። ብዙዎች «የካርትሪጅ አባት» ይሉታል። ጥቁር በመሆኑ ይበልጥ ልንኮራበት እንወዳለን፤ ነገር ግን የሌላውን ስም ደብቀን አይሁን፦ የካርትሪጁ ሐሳብ መጀመሪያ የመጣው ከዋላስ ኪርሽነርና ከሎረንስ ሃስከል ነው፤ ሎውሰንና ባልደረቦቹ ናቸው ለገበያ እንዲበቃ አድርገው የሠሩት።

ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ስሙን ያነሳ ጥቂት ነበር። የጌም ሠሪዎች ማኅበር ጠርቶ ያከበረው በመጋቢት 2011 ነው። ሚያዝያ 9 ቀን ዐረፈ፤ 70 ዓመቱ ነበር።

ሰላም ሁኑ።